እሜቴ የምትደርስበት ሳፋ

ጉዱ የወጣው መምህሯ ጃኬቷን ልትለካ የመጣች ቀን ነው።

መምህሯ የልብስ ሰፊዋ የቆየች ደንበኛ ናት። ቁመቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ስለሆነ ከሱቅ የተገዛ ልብስ አይሆናትም። ብርድ በመጣ ቁጥር እያለከለከች ልብስ ሰፊዋ ወደምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። የዚያን ቀን የምትለካው ግራጫ የሱፍ ጃኬት ነበር፤ እጅጌው ገና አልተሰፋም፣ በስፒል ነው የተያዘው። መስታወቱ ፊት ቆማ ክንዷን አነሳች፣ አወረደች፣ ዞር አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ትከሻዋ አስጠጋች።

«ምንድነው እሱ የሚሸተኝ?»

«አዲስ ሱፍ እንዲህ ነው እትዬ። ካዊያ ሲያርፍበት ይለቀዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሯ ስፒል እንደያዘች።

«ሱፍ አውቃለሁ። ይሄ ሱፍ አይደለም።»

በዚህ መሃል የልብስ ሰፊዋ ባል ከሥራ ገባ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲነታረክ ስለሚውል ማታ ነገር ለመሸፋፈን አቅም አይተርፈውም። ጫማውን እያወለቀ አየሩን ሳብ አደረገና «የድመት ሽንት ነው» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

መምህሯ ጃኬቱን ከላይዋ ላይ አሽቀንጥራ ጣለችው። ስፒሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ድመት? እኔ ላይ?»

«እርስዎ ላይ አይደለም እትዬ፣ ጨርቁ ላይ ነው። ጀርባው ብቻ ነው የተነካው፤ አውጥቼ በአዲስ እተካዋለሁ። ከዚያው ጥቅል የተረፈ አለኝ።»

«ተኪው። ደግሞ ከሸተተኝ ግን አልለብሰውም፤ እዚህ ቤትም አልደርስም።» ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። የደረጃው እጀታ ላይ እንኳ እጇን ሳታሳርፍ ወረደች።

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ስፒሎቿን ለቀመች። ባሏ አናቷ ላይ ቆሟል።

«ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ» አለ።

ታውቃለች። በዓይኗ አይታለች። አሮጊቷ ድመት፣ እሜቴ ናት።

ቤቱ ውስጥ አራት ድመት አለ። አንዱም ተፈልጎ የመጣ አይደለም። ክርና ቁልፍ፣ ሁለቱ እህትማማች፣ አንዲት ደንበኛ ከሚጠበብ ቀሚስ ጋር በአንድ ፌስታል አምጥታ «አደራ፣ ለዛሬ ብቻ» ብላ የተወቻቸው ናቸው። ደንበኛዋ ቀሚሱን ወሰደች፤ ድመቶቹን ረሳች። ዘበኛን ባሏ ራሱ ነው ያመጣው፣ ከአውቶቡስ ሞተር ሥር፣ ግማሽ ጢሙ ተቃጥሎ። አሁን ትከሻው የበሬ ሆኗል። ሾፌሩ ቲቪ ሲያይ ደረቱ ላይ ይተኛል፤ ስሙም የወጣለት በር ሥር መተኛት ስለሚወድ ነው። እሜቴ ደግሞ የአማቷ ነበረች። አማቷ ካረፈች ወዲህ ወራሿ ልብስ ሰፊዋ ሆነች ማለት ነው፤ ከአልጋና ከመነጽር ጋር። ጥርሷ አልቋል፣ የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቀኑን ስፌት መኪናው ሥር ተጠቅልላ ታሳልፋለች።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አለ ባሏ። «ስሚኝ። የጋራዡ ዕቃ ቤት ጠባቂ አይጥ አስቸግሮት ድመት አምጣልኝ እያለ ነው። አንዴ ትድገም፣ በካርቶን አድርጌ ነው የምወስዳት።»

«እሷን? ለአይጥ? አይጡ እሷን ይበላታል እንጂ እሷ አይጥ አትበላም።»

«እንግዲህ እሱን ከአይጦቹ ጋር ትነጋገርበት።»

ቀልዱ ነው፤ ግን ቀልዱ ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ታውቀዋለች። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አያስፈራም፤ እንዲህ ለስለስ ብሎ ሲናገር ግን ያደርገዋል። የጋራዡን ዕቃ ቤትም ታውቀዋለች። የሲሚንቶ ወለል፣ የተከመረ ጎማ፣ የፈሰሰ ዘይት። እሜቴ እዚያ አንድ ክረምት አትዘልቅም።

እስከዚያን ጊዜ አራቱም ድመቶች የሚጸዳዱበት አንድ የአሸዋ ሳፋ ነበር፣ መታጠቢያ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። «ሰውም አንድ ሽንት ቤት ነው ያለው» ትል ነበር፣ ሰው ሲጠይቃት። አሁን ግን ነገሩ ከሳፋው ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበችና በማግስቱ ከባሏ እህት ጋር የእንስሳት ዕቃ መሸጫ ሄዱ። የባሏ እህት ፀጉር ሠሪ ናት፤ አፏ ከመቀሷ ይፈጥናል። ድመት አትወድም፤ ሱቅ መዞር ግን ትወዳለች።

ሻጩ ቀጠን ያለ፣ መደረቢያው ላይ ፀጉር የሞላበት ሰውዬ ነው። ጣራ ድረስ የተደረደረውን አሳያቸው። ክፍት ሳፋ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ሳፋ፣ ከላይ በቀዳዳ የሚገባበት፣ ክዳንና የሚወዛወዝ በር ያለው፣ በኤሌክትሪክ ራሱን የሚያጸዳ።

ፀጉር ሠሪዋ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እታለም፣ ይሄ እኮ ከኔ ቤት ይሻላል። መብራት አለው፣ ራሱን ያጸዳል። የሚያከራዩት ከሆነ እኔው ልግባበት» አለች።

ሻጩ ሳቀ። «ስንት ድመት ነው ያለዎት እናቴ?»

«አራት።»

«እንግዲያው አምስት ነው የሚያስፈልግዎት። ለእያንዳንዱ አንድ፣ አንድ ደግሞ ትርፍ።»

«አምስት? ሰው የት ይቀመጥ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባልሽ ዘበኛን እንደታቀፈ በረንዳ ላይ ይደር» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አምስቱ ባይሆን እንኳ፣» አለ ሻጩ፣ «በየቦታው ያድርጓቸው። አንድ ላይ የተደረደረ ለድመት እንደ አንድ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰማች፤ መስማት ግን አንድ ነገር ነው፣ ማድረግ ሌላ። ሐሳቧ መምህሯ ዘንድ ነበር። ደንበኛ የሚገባበት ቤት ነው፤ መታየት የለበትም፣ መሽተት የለበትም። ስለዚህ ክዳን ያላቸውን፣ በራቸው የሚወዛወዘውን ሦስት መረጠች፤ ቀለማቸው ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር የሚሄድ። አሸዋውንም እርጥበት ሲነካው የሚረጋውን፣ አበባ አበባ የሚሸተውን ያዘች። ሻጩ አበባውን አይቶ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሌላ ገዢ ጠራውና ሄደ።

ቤት ስትደርስ የመታጠቢያ ቤቱን አሮጌ ሳፋ ጣለችና ሦስቱን ሳጥን በኮሪደሩ ጫፍ፣ የጫማ መደርደሪያው የነበረበት ጥግ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የስፌት ሰው አይደለች፣ ዝም ብላ ልትተወው አልቻለችም። የምታፍርበትን ነገር ሁሉ መጋረጃ ትሰፋለታለች። የጋዝ ሲሊንደሩ መጋረጃ አለው፣ የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ መጋረጃ አለው፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ እንኳ ኪስ ኪስ ያለው መጋረጃ አለው። ለሳጥኖቹም ከተረፈ የወንበር ልብስ ወይን ጠጅ መጋረጃ ሰፋችላቸው፣ ከሥሩ ሽንሽን ያለው፣ ድመት የሚያህል መግቢያ ያለው።

ባሏ አይቶ «ቲያትር ቤት መሰለ» አለ። ግን ደስ ብሎታል። ፀጉር ሠሪዋ ለማየት መጥታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ትኬት ስንት ነው?» አለች። ክርና ቁልፍ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ሆኑ። ዘበኛ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ከዚያ መግቢያው ላይ ጋደም አለ። ቤቱ መሽተቱን አቆመ። ልብስ ሰፊዋ የጃኬቱን ጀርባ ቆርጣ አዲስ ተካች፣ እጅጌውን ሰፋች፣ ገበሩን ቆርጣ፣ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ነገሩ አለቀ ብላ ልቧን አሳረፈች።

አላለቀም። አንድ ጠዋት ባሏ ከወጣ በኋላ ገበሩን ልታነሳ ስትል እጇ ረጠበ።

እሜቴ መኪናው ሥር ተቀምጣ ታያታለች። አልሸሸችም። የሚሸሽ ድመት ጥፋቱን ያውቃል ይባላል፤ እሜቴ ፊቷ ላይ የነበረው ግን ጥፋት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። ልብስ ሰፊዋም እንዲህ ዓይነት ፊት መስታወት ውስጥ አይታ ታውቃለች። ገበሩን አጠበችው፣ አዲስ ገበር ቆረጠች፣ መስኮት ከፈተች። ማታ ባሏ ሲገባ «ምን ታጠበ?» አላት፣ ገመዱ ላይ ያለውን አይቶ። «ገበር፣ እንዳይሰበሰብ» አለችው። እውነት ነው፤ ገበር ከመሰፋቱ በፊት ይታጠባል። በዚያ እውነት ውስጥ ውሸቷን ደበቀችው። በሆዴ ልያዘው አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋን ወደ ኮሪደሩ አዛወረች። የምትዘመዝመው ዙሪያው ሰፊ ቀሚስ ነበራት፤ በርጩማ አስቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እየዘመዘመች ጥጉን ትመለከት ጀመር። ብዙ አልቆየችም፣ ገባት።

ዘበኛ መጋረጃው መግቢያ ላይ ተጋድሟል። አይነክስም፣ አይጮህም፣ ጥፍሩን እንኳ አያወጣም። ጅራቱን ብቻ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ያደርጋል። እሜቴ ከስፌት ክፍሉ እየተንገዳገደች መጣች፣ ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ ቆመች፣ ጅራቱን አየች፣ ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ ተነስታ ተመለሰች። ሦስቱም ሳጥን ከአንድ በር ኋላ ነው። በሩ ደግሞ ዘበኛ አለው።

ሌላ ጊዜ ዘበኛ ምግብ ሲበላ ተመልሳ መጣች። መጋረጃውን አለፈች። የሳጥኑ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ የፊት እግሯን አወጣች፣ የኋላው እምቢ አላት። ስትገፋ የሚወዛወዘው በር ተመልሶ አፍንጫዋን መታት። በአበባው ሽታ አነጠሰች። ከዚያ እንደ ሰው ተንፈስ አለችና ወደ ገበሩ ወንበር አመራች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ጥላ ሮጣ አነሳቻት።

ደረቷ ላይ አቅፋ እንደቆመች አማቷ ትዝ አለቻት። አማቷ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ወራት፣ ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ እንዳያይ ብላ የአልጋ ሥሩን ፖፖ ከመጋረጃ ኋላ ታስቀምጥላት ነበር። አማቷ አንድ ቀን ተቆጣች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ለኔ ነው ወይስ ለእንግዳ ነው ያመጣሽው? ልድረስበት እንጂ፣ ሰው ቢያየኝ ምን አገባኝ!» ያን ዕለቱኑ መጋረጃው ተነሳ።

የዛሬውንም ዕለቱኑ አነሳችው። ከሦስቱ ሳጥን አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ አንዱን መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር አደረገች፤ ክዳናቸውንም በራቸውንም ነቅላ በረንዳ ላይ ቆለለችው። ሦስተኛውን ኮሪደሩ ላይ ተወችው፣ ለዘበኛ፣ ይጠብቀው። ለእሜቴ ግን ከሦስቱም የተለየ ያስፈልጋታል። ሰፊውን የልብስ ሳፋ አወጣች፣ ቢላ በጋዝ እሳት አግላ አንዱን ጎኑን እስከ ታች ድረስ ቆረጠችው። የተቆረጠው ፕላስቲክ ሆድ እንዳይፍቅ ጠርዙን በጥብጣብ ከፈፈችው። ሽታ የሌለውን የሚረጋ አሸዋ ጨመረችበት። ከዚያ እሜቴ በምትውልበት፣ ከስፌት መኪናው ጎን፣ መስታወቱ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። የቤቱን ክፍል ሁሉ ቆጥራለች፤ እሜቴ ያለ ጭንቅ የምትደርስበት ሌላ ቦታ የለም።

ባሏ በእረፍት ቀኑ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ያየው እሱን ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእሜቴ።»

«ደንበኛ ፊት? አበድሽ?»

«ደግማለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። መደበቁ ሰልችቷት ነበር። «ገበሩ ላይ ደግማለች። አጥቤ ደበቅኩህ።»

ሾፌሩ አልጮኸም። ወደ በረንዳ ወጣ፣ የክር ካርቶን ይዞ ተመለሰ፣ ክሮቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። እያንዳንዷን ጥቅል ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ቀስ ማለቱ አስፈራት።

«መጀመሪያ ቁጭ በልና እይ» አለችው። «ከዚያ ውሰዳት። አልይዝህም።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ያንተን ልጅ።»

እሜቴን ተሸክማ ኮሪደሩ ላይ አወረደቻት። ዘበኛ ከጥጉ ራሱን ቀና አደረገ። እሜቴ ሁለት እርምጃ ሄደች። ዘበኛ ተነስቶ፣ ተንጠራርቶ፣ ሳይቸኩል መጥቶ ፊቷ ጋደም አለ። ጅራቱ ወዲህ፣ ወዲያ። አሮጊቷ ተቀመጠች።

«ምን አደረጋት? ተኛ እኮ» አለ ሾፌሩ።

«አዎ ተኛ። የት እንደተኛ ተመልከት።»

እሜቴ በግድግዳው ጥግ ልታልፍ ሞከረች፤ ዘበኛ ሳይነሳ ወደ ግድግዳው ተንከባለለ። በዚያ ሞከረች፤ ወደዚያ ተንከባለለ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ሃያ ዓመት መንገድ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ መንገድ የሚዘጋ ሲያይ ይገባዋል።

«አንተ ወመኔ!» አለው በመጨረሻ፣ ወዳጅን በሚሰድቡበት ድምፅ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሾፌሩ ካርቶኑን እጁ ላይ አገላበጠው። የሰው ፊት ማየት ሲያቅተው የሚያደርገው ነው። «መምህሯ እስክትመጣ ትቆይ» አለ። «እሷ ካልሸተታት ትቀመጥ። ከሸተታት ግን እንጀራሽ ነው፤ እኔ ብቻዬን ኪራይ አልችልም። ያንቺ እንጀራና የአንዲት አሮጊት ድመት እኩል አይደሉም።»

ነገሩ አልጠፋትም። ልክ ነው።

መምህሯ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሾፌሩ ተረኛ አልነበረም፤ ቲቪውን ዘግቶ፣ ጋዜጣ ገልጦ፣ ሳያነብ ተቀመጠ። መምህሯ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ አሸተተች፣ ከዚያ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ጀርባውን፣ ብብቱን፣ ገበሩን፣ ኪሱን በተራ አሸተተች። ፈተና የምታርም ነው የምትመስለው። ለበሰችው። ክንዷን አነሳች፣ አወረደች።

«አይሸትም» አለች።

ጋዜጣው ወረደ።

በዚያችው ቅጽበት እሜቴ ከመኪናው ሥር ወጣች። እሜቴ የተቆረጠውን ጎን ተራምዳ ሳፋው ውስጥ ገባች፣ አሸዋውን ጫር ጫር አደረገች፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም አልቸኮለም።

መምህሯ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «እዚሁ? ሰው ፊት?»

ልብስ ሰፊዋ ብዙ ማስተባበያ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። «እትዬ፣ እዚህ ካልሆነ ጃኬትዎ ላይ ነው» አለች።

ሾፌሩ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ መልሶ አነሳው፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። መምህሯ አልሳቀችም። ግን አልተቆጣችም። እሜቴ ጨርሳ፣ ሸፍና፣ ወደ መኪናው ሥር እስክትመለስ ጠበቀች፤ ልብስ ሰፊዋ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ የረጋውን አሸዋ አንስታ ስታወጣም ተመለከተች።

«ልብስሽ ጥሩ ነው» አለች ኋላ፣ ጃኬቱን አጥፋ እየያዘች። «ስፌትሽ እንከን አይወጣለትም። ግን የወንድሜን ልጅ የሰርግ ልብስ እዚህ አላመጣም። እኔ ችዬ ነው፤ ሙሽራ ይሄን አትችልም።»

«ይገባኛል እትዬ።»

ገባት ደግሞ። የሰርግ ልብስ ነጭ ነው፤ የነጭ ሥራ ስትመኝ ነው የከረመችው። መምህሯን እስከ ደረጃው ሸኘቻት፤ በዚህ ጊዜ እጀታውን ይዛ ነው የወረደችው።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ደንበኛ በሩ ላይ ሆኖ ሳፋውን ያይና «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ይላል፤ ሌላው ቀን አይመጣም። አንዳንዱ ደግሞ እሱ ቤት ስላለችው ድመት ተቀምጦ ያወራል፣ ሥራ ያስፈታል። ሥራው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እሜቴ አልደገመችም። ልብስ ሰፊዋ ጠዋትና ማታ አራቱን ሳፋ ትዞራለች፣ በጭልፋ ትለቅማለች፣ ወገቧን ይዛ ቀና ትላለች። ማን ይርዳት? ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ራት ሲበሉ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። የጋራዡ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ድምፁ እስከ ጠረጴዛው ማዶ ይሰማል፤ አይጦቹ የመቀመጫ ስፖንጅ በሉ እያለ ያማርራል። «ያቺ ድመት ምን ሆነች? ሰጠሁህ ብለኸኝ አልነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«እሷ አትሆንህም» አለ ሾፌሩ። «አሮጊት ናት፤ ጥርስ የላትም። ሌላ ፈልግ።» ትንሽ አዳመጠ። «አይ፣ እሱንም አልሰጥህም። እሱ አይጥ አይዝም፤ መንገድ ነው የሚዘጋው።»

ስልኩን ዘግቶ መብላቱን ቀጠለ። እሷም ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ካልሲውን አራገፈ።

«ይሄ አሸዋ ግን» አለ፣ «አልጋ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።»

«ከመተኛትህ በፊት አራግፍ» አለችው።